አልጋ ሥር የጣልኩት ጉትቻ

አዲስ ሠራተኛ ስትገባ መፈተን የቤታችን ደንብ ነው፤ እናቴም ታደርገው ነበር። ደሳለች ከሽሮ ሜዳ እየተመላለሰች ቤቴን ማጽዳት በጀመረችበት ሰሞን፣ የእናቴን የወርቅ ጉትቻ አልጋዬ ሥር ጥዬ ሥራ ሄድኩ። ያለኝ አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ከእናቴ ጆሮ አልወጣ ብሎ፣ አምና ጴጥሮስ ወጳውሎስ መካነ መቃብር አብሯት ተቀብሯል።

አመሻሽ ላይ ስመለስ ደሳለች ልትወጣ ነጠላዋን እያጣፋች ነበር።

«እትዬ ሩታ፣ ጉትቻዎን አግኝቼ ጠረጴዛው ላይ አድርጌዋለሁ።»

ታማኝ መሆኗ ደስም አላለኝ፣ አልከፋኝም። እሺ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጉትቻ ተቀምጧል።

«የት አገኘሻቸው?»

«ሁለቱም አልጋው ሥር ነበሩ። ያስቸገረኝስ አፈሩ ነው፤ ብጠርገው ብጠርገው አላልቅ አለኝ።»