ለልጄ፣ ለጭንቀት

ለዓመታት የዋጠውን የማረጋጊያ ኪኒን ቀስ በቀስ እየቀነሰ እንዲያቆም ሐኪሙ ካዘዘው ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በር ሲንኳኳ ይበረግጋል፤ ሚስቱ ላይ ይጮኻል።

እሱንም ሁልጊዜ «ልጄ» የሚሉት አማቱ ከደብረ ብርሃን ጦስኝ ልከው ነበር። ፌስታሉ ላይ «ለልጄ፣ ለጭንቀት» ተብሎ ተጽፎበታል። ሚስቱ እያፈላችለት ጠዋት ማታ ጠጣ። ጠብ የሚል ነገር ግን የለም!

ዛሬ ትዕግሥቱ አለቀና ደወለላቸው።

«እማማ፣ ይሄ ጦስኝዎ አይሠራም! ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጋተው ከረምኩ፤ ያው ነኝ፤ እንዲያውም ብሶብኛል!»

«አንተ ነህ እንዴ የጠጣኸው?» አሉ አማቱ።

«ታዲያ ለማን ነው የላኩት?»

«ለልጄ ነዋ! ካንተ ጋር ለምትኖረው።»

ሚስቱ ሌላ ብርጭቆ ይዛለት ገባች። እጇ ይንቀጠቀጣል።