የቦቃዋ ሆድ

«ጓንት እዚህም አገር አለ፣ አይዞሽ» ይላል ዶክተሩ፣ እስከ ትከሻ የሚደርሰውን ላስቲክ ደረቴ ላይ እየወረወረ።

ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ክፍል የምለው በዩኒቨርሲቲው በረት ውስጥ ቦት ጫማቸውን እበት ላይ ተክለው የቆሙትን የአምስተኛ ዓመት የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ነው። ባለፈው መንፈቅ ዓመት እነሱ እዚህ ሲማሩ እኔ ባሕር ማዶ ነበርኩ። ትምህርት ክፍሉ የውጭ አገር ቆይታን የዲግሪው አካል ካደረገ ወዲህ ሄዳ የተመለሰች የመጀመሪያዋ ተማሪ እኔ ነኝ። ለዚህም ነው እንደ ሙሽራ ከብበው የሚያዩኝ፤ ያውም እንደ ጠሏት ሙሽራ።

ዶክተሩ ነገሩን ከጥንስሱም አልወደደውም። «ዲኗ በአንድ ከብት ትፈተን ብለዋል፣ እሺ» ይላል ሁሉም እንዲሰማው። «ቦቃዋ እርጉዝ ትሁን ባዶ በእጅሽ መርምረሽ ንገሪኝ። ካገኘሽው መንፈቁ ይያዝልሻል። ከሳትሽው ዓመቱን ትደግሚያለሽ፤ ይሄ የሽርሽር ፕሮግራምም በዚሁ ያበቃል።»

ሽርሽር ነው ያለው። ጓንቱን ሳሙና እቀባዋለሁ። እዚያ ማዶ አንድ ሽማግሌ አስተማሪ ነበሩን፤ በእጄ ዳስሼ መልሴን እስክናገር ድረስ የአልትራሳውንዱን ስክሪን በባርኔጣቸው ይሸፍኑብኝ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ላም በላም ላይ። ማታ ፀጉሬን ለማበጠር ክንዴ አይነሳልኝም ነበር። ይህን ለዶክተሩ ብነግረው ጉራ ይለዋል።

ቦቃዋ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቀይ ላም፣ በብረቶቹ መሀል ቆማለች። ጭራዋን የያዘው አንድ ቀውላላ የክፍላችን ልጅ ነው። በትምህርት ከሁላችንም ይበልጣል። ባሕር ማዶ ለመሄድ የመጨረሻው ዕጣ ሲወጣ የቀረነው እሱና እኔ ነበርን፣ ወጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ሰላም አልልም ነበር።

እጄን በፊንጢጣዋ ሳስገባ ጎንበስ ብሎ «ባዶ ናት» ይለኛል።

«ምን?»

«ባዶ ናት በይና ገላግይን። አንቺ ሳትኖሪ ዶክተሩ ራሱ መርምሯት መካን ናት ብሏል። ነገ ጠዋት ቄራ ትሄዳለች።»

ሊረዳኝ ነው ሊጥለኝ? ቀና ብዬ አየዋለሁ። ፊቱ ላይ ያለው ያው የማውቀው ጥላቻ ነው።

እጄ በሙቀቱ ውስጥ ወደ ፊት ይሄዳል። ማህፀኗ በቦታው የለም። ጀማሪ ይህን ሲያገኝ ባዶ ናት ብሎ እጁን ያወጣል። እኔ ግን ጽንሱ ሲከብድ ማህፀኑን ቁልቁል ይዞት እንደሚወርድ ስለማውቅ ወደ ጎን ዞሬ የማህፀኑን የደም ስር እፈልጋለሁ። አገኘዋለሁ። በጣቶቼ መሀል፣ ጭብጥ ውስጥ እንደተያዘች ንብ ይነዝራል። ለቅቄ ደግሜ እይዘዋለሁ። አሁንም ይነዝራል። ባዶ ላም ላይ ይህ ንዝረት የለም።

ባዶ ናት ማለት እኮ ቀላል ነው። ሁለት ቃል ተንፍሼ፣ መንፈቄን አስይዤ፣ ከእነዚህ ሰዎች ዓይን መጥፋት እችላለሁ። ቦቃዋም ነገ ከነጥጃዋ ትሄዳለች።

«እርጉዝ ናት» እላለሁ።

በረቱ በሳቅ ይሞላል። ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ወደ እነሱ ይዞራል። «አላልኳችሁም? ለፈተና መቼም እርጉዝ ነው የሚያቀርቡልኝ ብላ ገመተች።»

«አልገመትኩም ዶክተር። አራት ወር አልፏታል።»

«ከሦስት ወር በፊት እኔው ነኝ የመረመርኳት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ኮርማ የሚባል አልደረሰባትም። ስለዚህ ተሳስተሃል እያልሽኝ ነው?»

ሳቁ ይቆማል።

«ያኔ ገና ወር ቢሆናት ነው። ማንንም ያመልጣል። ምርመራው መደገም ነበረበት።»

የመጨረሻዋን ባልጨምራት ይሻለኝ ነበር። ዶክተሩ እስከ አንገቱ ይቀላል። ጓንት ያጠልቃል፣ በክርኑ ገፋ ያደርገኛል፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ እጁን ያስገባል። መጀመሪያ ክንዱ ይፈጥናል። ከዚያ ቀጥ ይላል። ከንፈሩ በትንሹ ይከፈታል። ባዶ ላም ውስጥ ይህን ያህል የሚቆይ ሰው የለም፤ ይህን ያስተማረን ራሱ ነው።

እጁን ያወጣል።

«ባዶ ናት» ይላል። ጓንቱን ገልብጦ ባልዲው ውስጥ ይጥለዋል። «ዓመቱን ትደግሚያለሽ።»

ወደ እኔ አያይም። ወደ ቦቃዋም አያይም። በዚህች ደቂቃ እሱን የምጠላውን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም። ሌሎቹ ቦት ጫማቸውን ከእበቱ እያላቀቁ ወደ በሩ መሄድ ይጀምራሉ።

ቀውላላው ጭራውን ይለቀዋል። ቦቃዋ ወዲያው ወንጭፋ ፊቱን በእበት ትለቀልቀዋለች። በእጅጌው ይጠርግና በአጠገቤ ወደ ጓንቱ ካርቶን ያልፋል።

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» ይለኛል።

«አንተ፣ ማን አዘዘህ?» ይላል ዶክተሩ ከኋላው።

ከካርቶኑ ውስጥ ጓንት ይመዝዛል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያስገባል፣ እስከ ትከሻው ይስበዋል፣ ወደ ቦቃዋም ይመለሳል።