የተለጠፈው መርዶ

«አጥፋው!» እላለሁ የኤፊን ኮሌታ እንደጨመደድኩ። «አሁኑኑ አጥፋው!»

«ካርዴ አልቋል።»

«ለመለጠፉ ነበረህ?»

«ስለጥፍ አለቀ! ምን ላድርግህ?»

ይሄ ኤፊ የሚባል ፍጥረት የኃይለመለኮት ጓደኛ ነው። ኃይለመለኮት ደግሞ ትናንት ማታ ጅቡቲ መንገድ ላይ የሚነዳው ተሳቢ ተገልብጦ ሞቷል። ጌጃ ሰፈር ሙሉ ሰምቷል፤ ያልሰሙት እናቱ እትዬ የሻረግ ብቻ ናቸው። ደም ግፊት አለባቸው። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ፉፋ «ወንድሟ ሳይደርስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል! ስትወድቅ የሚይዛት የሥጋ ዘመድ ይኑር» ብለው አስጠንቅቀዋል። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከግንቡ ጀርባ ወንድምየውን እየጠበቁ ነው። እሳቸው ደግሞ ለባቡር የተቆፈረው መንገድ አላሳልፍ ብሏቸው ታክሲ ውስጥ ተቀርቅረዋል።

ይሄ ከብት ግን በጠዋት ተነስቶ የሟቹን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ሰቅሎታል። እኔ ልቅደም ብሎ!

«ዱባይ ያሉት ጓደኞቹ እንኳ በእኔ ነው የሰሙት» ይለኛል ሳያፍር። «ለእናትየው እናዋጣ እያሉ ነው። ፌስቡክ ባይኖር ማን ያውቅ ነበር? አንተ ከስምንተኛ ክፍል ስለቀረህ አይገባህም።»

«ዱባይ ያለው ሰምቶ፣ እዚህ በራቸው ላይ የተቀመጡት እናቱ ሳይሰሙ? ይሄ ነው ትምህርትህ? ወላሂ አንገትህን ነው የማዞረው! ሂድ፣ ካርድ ፈልግ! ሱቅ ካልተከፈተ በር ደብድብ!»

ገፈተርኩት። ወደ ሱፍያን ሱቅ ሮጠ።

እኔ ወደ እትዬ የሻረግ በር እሄዳለሁ። ጋሽ ፉፋ «ሳኒ፣ አንተ ውሸት አይቸግርህም፤ እስክንመጣ በወሬ ያዛት። ስልኳንም አታስነካት» ብለውኛል።

እትዬ ሽንኩርት እየመደቡ ነው። ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው። ኃይለመለኮት ነው ከጅቡቲ ያመጣላቸው፤ ካርድም ከየደረሰበት ይሞላላቸዋል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰማያዊዋን ምልክት ሲነኩ ልጃቸው ብቅ እንደሚል ግን ያውቃሉ።

ስልኩ ይንቀጠቀጣል።

«እትዬ፣ የሙክቱን ነገር ሰሙ?» እላለሁ ቶሎ ብዬ። ጎሚስታ ነኝ፤ ወሬዬ ሁሉ ጎማና መኪና ነው። ዛሬ ግን መኪና የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ሬት ሆኗል።

«የምን ሙክት?»

«ከተክለ ሃይማኖት ያመለጠው ነዋ! ሜክሲኮ ባንክ ገብቶ ወረፋ ይዟል። ዘበኛው ሊያስወጣው ሲል ሰዉ ‹ተወው፣ እኔ ከእሱ ኋላ ነኝ› ብሎ ተከራከረለት።»

«አንተ ቀጣፊ! ባንክ ምን ሊያደርግ?»

«ለበዓል መገዛቱን ሲሰማ ያለችውን አውጥቶ አገር ሊለቅ ነዋ። ችግሩ፣ የወረፋ ቁጥሯን በላት። አሁን ‹ቁጥርህን አሳይ› እያሉት ነው።»

እትዬ የሻረግ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ስልኩ እንደገና ይንቀጠቀጣል።

«ቆይ፣ ልጄ ነው።»

«ይተዉት፣ እኔ ልያዝልዎት…»

እጄን ቸብ ያደርጉኛል። «ሂድ ወዲያ፣ በዚህ ግሪስ በጠጣ እጅህ!»

ነኩት። ፎቶው ወጣ። ኃይለመለኮት በነጭ ሸሚዝ ፈገግ ብሏል፤ ከጎኑ ሻማ ይበራል። ያ ከብት ካርዱን አላገኘም።

«ውይ!» ይላሉ እትዬ የሻረግ።

ሲወድቁ ልይዛቸው እጄን እዘረጋለሁ።

«ውይ ሲያምር! ሻማ አብርተውለታል! ልደቱ ነው እንዴ? አወይ እኔ፣ ቀኑን ማን ያዘልኝ! ይቺ ጣት መውደድ ናት ብሎኛል። ስንት ሰው ነው የወደደው?»

አየዋለሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው የኃይለመለኮትን ሞት ወዶታል። ደሜ ይፈላል። ለቅሶ ቤት ገብቶ አውራ ጣቱን የሚቀስር ማነው? ድንኳን ውስጥ አንዱ እንዲህ ቢያደርግ በጤናው ይወጣል? እዚህ ግን የሚያውቁትም የማያውቁትም፣ ቁርሳቸውን እያኘኩ፣ ተጭነው አልፈዋል።

«ብዙ ነው፣ እትዬ።»

«የጻፉለትን አንብብልኝ እስቲ።»

«ነፍስህን በገነት ያኑራት» ይላል አንዱ። «መቶ ዓመት ያኑርህ» ብዬ አነባለሁ።

«አሜን!»

«መሞትህን ማመን አቃተኝ» ይላል ሌላው። «እንዴት አምሮብሃል» እላለሁ። ዝሆን በፓምፕ ነፍቻለሁ ብዬ ሰው ያሳመንኩ ሰውዬ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ውሸት ግን ዋሽቼ አላውቅም። ኤፊን አሁን ባገኘው ስልኩን አስውጠው ነበር።

«ሁሉም ወደውት እኔ እናቱ ልቅር?» ይላሉ። «የቱ ጋ ነው የሚነካው?»

«ይቆይ፣ እትዬ…»

«ለምን ይቆያል?»

አውራ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተጫኑት። ምልክቷ ሰማያዊ ሆነች።

ይሄኔ ሽማግሌዎቹ ከግንቡ ጀርባ ይወጣሉ። ጋሽ ፉፋ ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው አቧራ የለበሱት ወንድምየው። እትዬ የሻረግ መጀመሪያ የሚያዩት ወንድማቸውን ነው፤ ፊታቸው ይበራል።

«ውይ ወንድምዬ! አንተም ሰምተህ ነው የመጣኸው?»

ወንድምየው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይይዛሉ።

«ኑ፣ ምን ገተራችሁ? ኑ እዩልኝ! እናንተም ተጫኑለት!»

ስልኩን ወደ ሰዎቹ ይዘረጋሉ። ጋሽ ፉፋ ባሉበት ይቆማሉ፤ ሌሎቹም ከኋላቸው። ማንም አይራመድም። የስልኩ ብርሃን ደብዘዝ ሊል ሲል እትዬ የሻረግ በአውራ ጣታቸው ነካ ያደርጉታል፤ ሰዎቹ እስኪደርሱ እንዳይጠፋባቸው።