የአማቾቹ ጠርሙስ

«ነጭ ወይን ነው አላሉም እንዴ? ይሄ እኮ ቢጫ ነው!» አሉ አባወራው፣ ብርጭቆውን ወደ ኩሽናው መስኮት ከፍ አድርገው።

የልጃቸው የፌቨን እጮኛ ወላጆች ከፈረንሳይ መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ጠርሙሱ የእነሱ ስጦታ ነው። ያው በእኛ ወግ መጠጥ የሚያቀርብ ቀድሞ ይቀምስ የለ? ቀመሱት። እንጨት እንጨት አላቸው።

«ተበላሽቷል። ምስኪኖች፣ በሰው ፊት ሊዋረዱ!»

«የራሳቸው ነው፤ ዝም ብለህ ቅዳ» አሉ ባለቤታቸው።

«በእኔ ቤትማ እንግዳ አያፍርም!»

ወይኑን ጓሮ ወጥተው ጎመኑ ላይ ደፉና፣ ለበዓል የገዙትን ነጭ የሱቅ ወይን በዚያው ጠርሙስ ውስጥ ገለበጡት። ደግ ሰው ናቸው፤ መቸኮላቸው ነው እንጂ።

ከተቀዳ በኋላ የእጮኛዋ አባት ብርጭቋቸውን ይዘው ተነሡ። ፌቨን እየተረጎመች ነው።

«ይሄን ወይን ልጃችን በተወለደ ዓመት አባቴ ጠመቁት፤ አያቴ ከተከሉት ወይን። ኦክ በሚባል እንጨት በርሜል ስለቆየ ቢጫ ሆኗል፣ እንጨት እንጨትም ይላል። ለዚህ ቀን ብለን ሠላሳ ዓመት ያስቀመጥናት የመጨረሻዋ ጠርሙስ ናት።»

ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። አባወራው ግን ላብ አጠመቃቸው፤ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ።

የእጮኛዋ አባት ጎንጨት አሉ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት፤ ከዚያ አባወራውን አዩ።

«እ... እንዴት ሆነላቸው በያቸው» አሏት አባወራው ፌቨንን።

እንግዳው ፈገግ ብለው መለሱ። ፌቨን ግራ እየገባት ተረጎመች፦

«ወይኑን መንገዱ ተስማምቶታል፤ ወጣት ሆኗል ይላሉ።»