የዝንጀሮው ሙግት

«ዝንጀሮ ሰው የሚሆን ከሆነ፣ ደብረ ሊባኖስ ገደል ላይ የቀረው ምን ይጠብቃል? ተራው አልደረሰውም?» አሉ መሪጌታ። በገነነ ጸጉር ቤት አግዳሚ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ።

እምሩ አልሳቀም። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ ፊቱ እስከ ጆሮው በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ ገነነ ጉንጩን በምላጭ ይላጨው ነበር። ወጣት የሳይንስ አስተማሪ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ወዳለችው ወደዚህች ጠባብ ቤት ሲመጣ ከመሪጌታ ጋር መሟገት ልማዱ ነው፤ ከደንበኛው ግማሹ የሚመጣው ለጸጉሩ ሳይሆን ለክርክሩ ነው እያለ ገነነ ይቀልዳል።

የዛሬው ግን ከረር ብሏል። እምሩ መጀመሪያ ፈረንጆቹ አረጋግጠውታል፣ በትልቅ መጽሐፍ ከነሥዕሉ ታትሟል አለ። መሪጌታ የእኔም ማስረጃ መጽሐፍ ነው፣ ያውም ካንተው ይቀድማል አሉ። ሰው ከአፈር ሲበጅ ማን አየ አለ። ዝንጀሮስ ጭራውን ሲጥል ማን አየ አሉ። በመጨረሻ እምሩ፣ ሰው ዛሬም ከወገቡ በታች የጭራ ርዝራዥ አጥንት አለው፣ ስለዚህ የአዳም ነገር ተረት ነው ሲል ደመደመ።

መሪጌታ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ መስመር የሳተ ነገር ከሩቅ ይሸታቸዋል። ከአንዲት አጥንት ተነሥቶ መጽሐፉን በሙሉ ተረት እስከ ማለት ያለውን መንገድ ልጁ በአንድ ዝላይ እንደ ተሻገረው አይተዋል። የራሳቸው የገደል ዝንጀሮም እንደማያስኬድ አልጠፋቸውም። ከአንድ ቤት ሁለት ወንድማማቾች ተወልደው አንዱ ቢሰደድ፣ ሌላው እዚያው መቅረቱ ምን ይገርማል? ደቀ መዝሙር እንዲህ ያለ ሙግት ይዞ ቢቀርባቸው ገሥጸው በመለሱት ነበር። ለእምሩም ዝላዩን ብቻ ነቅሰው ቢያሳዩት ይበቃቸው ነበር። ግን ሳቁ ጣፍጧቸዋል፤ አግዳሚውም ሌላ ይጠብቃል።

«እንግዲያውስ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የሰሎሞን ዘርም ከዝንጀሮ ነው በለንና እንረፈው።»

የሳቀ የለም። ገነነ ምላጩን ከእምሩ ጉሮሮ ሥር እንደ ያዘ ቀጥ አለ። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ብቻ ይሰማል። በጃንሆይ ላይ የተነሣው የታኅሣሡ ግርግር ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ የዙፋን ነገር ሲነሣ የአራዳ ሰው ግራ ቀኙን አይቶ ነው የሚተነፍሰው።

በሩ አጠገብ ከተቀመጡት አንዱ ጋዜጣውን አጠፈ። ማንም የማያውቀው፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። መሪጌታ ልብ ብለው ያዩት ገና አሁን ነው። ጢሙ ጠዋት የተላጨ፣ ጸጉሩም በቅርቡ የተከረከመ ነው።

«መልካም ጥያቄ ነው» አለ ሰውየው ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ወደ እምሩ እያየ። «መምህር ምን ይላሉ?»

መሪጌታ ወንበሩ ፊት ወዳለው መስታወት ዞሩ። ልጁ አዎ ቢል አለቀለት። አይደለም ቢል ሲከራከርበት የከረመውን በሰው ፊት መዋጡ ነው፤ ይህን ደግሞ እንደማያደርገው ኩራቱን ያውቁታል። አፉን ሲከፍት በመስታወቱ ውስጥ አዩት።

«ጥያቄው የእኔ ነው» አሉ ቀድመውት። «እሱ አላነሣውም። የሽማግሌ ቀልድ ነው፤ ያጠፋሁም እኔ ነኝ።»

«እርስዎን አልጠየቅሁም፣ አባቴ።»

«ለተክርስቶስ እባላለሁ። ቤቴ ከጊዮርጊስ ጀርባ ነው። የሚጻፍ ካለ ይህን ይጻፉ።»

ሰውየው ፈገግ አለ እንጂ ምንም አልጻፈም። ተነሥቶ ለገነነ እጅ ነሣና ተራው ሳይደርስ ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ከደንበኞቹ አንዱ የረሳው ጉዳይ ትዝ አለው፤ ሌላውም ተከተለ። ገነነ የቀረውን አረፋ አነሣና ሒሳብ አልፈልግም አለ፤ ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ጸጉር ቤት ቢሄዱለት እንደሚሻልም ዓይናቸውን ሳያይ ነገራቸው። መሪጌታ ጥምጥማቸውን መልሰው ጠመጠሙ።

«ምን ልትለው ነበር?» ሲሉ ጠየቁት።

እምሩ ፊቱን በፎጣ ጠረገ። ኋላ፣ «አላውቅም ልለው ነበር» አለ። «ስለ ጃንሆይ ብቻ አይደለም፣ የኔታ። ስለ ሁሉም።»



ዝናቡ ሲያባራ አብረው ወጡና በሩ ላይ ተሰነባበቱ። እምሩ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ወረደ፤ መሪጌታ ሽቅብ ወደ ጊዮርጊስ አዘገሙ። ሆን ብለው ቀስ አሉ። ስማቸውን ነግረዋል፣ ቤታቸውን ነግረዋል፤ የሚከተል ካለ እሳቸውን ይከተል። ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጥለው ዐሥር እርምጃ ሄዱ፣ ከዚያም ሃያ። ከኋላቸው ምንም ኮቴ አልመጣም። ቆሙና ዞሩ።

የእምሩ ነጭ ሸሚዝ በእርጥቡ መንገድ ቁልቁል ይራመዳል። ከሱቆቹ ታዛ ሥር ግራጫው ካፖርት ወጣ፤ ከልጁ ኋላ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ሳይቸኩል፣ መንገድ ገባ።

መሪጌታ ወደ ላይ፣ ወደ ቤታቸው አላዩም። የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው፣ ጉልበታቸው በፈቀደላቸው መጠን፣ ከሁለቱ ኋላ ቁልቁለቱን ተያያዙት።