ሁለት ቃል በአንድ ብየዳ

«ልጄ፣ ያልኩሽን ጻፊ። የመጣሁት ላስተይብ እንጂ ልፈተን አይደለም።»

የጽሕፈት ቤቷ ጸሐፊ እጇን ከኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ታነሳለች። «ጋሼ፣ እንዲህ ብዬ ብጽፈው የሚያፍሩት እርስዎ ነዎት።»

የሥራ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣው በያጅ ከኮቱ ኪስ ክዳኑ የተላጠ መዝገበ ቃላት ያወጣል። የሚሠራበት ጋራዥ ከተዘጋ ወዲህ እንግሊዝኛን ብቻውን ያጠናው ከዚህ ነው። የብረታ ብረት ፋብሪካው ማመልከቻ የሚቀበለው ደግሞ ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው።

«ደንቡን አውቀዋለሁ» ይላል በጣቱ እየቆጠረ። «ስሎው፣ ቀርፋፋ፤ ስሎውሊ፣ በቀስታ። ኩዊክ፣ ፈጣን፤ ኩዊክሊ፣ በፍጥነት። ሃርድ፣ ጠንካራ፤ ሃርድሊ፣ በጥንካሬ። ‹ሊ› ማለት የኛዋ ‹በ› ናት። ሃርድሊ ዎርኪንግ ዌልደር፣ ጠንክሮ የሚሠራ በያጅ። የቱ ጋ ነው ስሕተቱ?»

«ደንቡ ልክ ነው። ይቺ ቃል ግን ደንቡን ከድታዋለች። ‹ሃርድሊ› ሲሉ ‹እምብዛም› ማለታቸው ነው። እርስዎ ያጻፉኝ ‹ሥራ እምብዛም የማልነካ በያጅ ነኝ› ነው።»

በሩ አጠገብ ቦርሳዋን አቅፋ የተቀመጠችው ሚስቱ ቀና ትላለች። «እሰይ። ቧንቧው ማንጠባጠብ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ፤ እኔ ስናገር ጨቅጫቃ እባላለሁ። ይኸው በእንግሊዝኛ ፈርሞ አመነ።»

በያጁ አይስቅም። መዝገበ ቃላቱን ይገልጣል። የጠቆረ ጥፍሩ በዓምዱ ላይ ቁልቁል ይወርድና ይቆማል። ሁለቴ ያነባል። ከዚያ ከፌስታሉ ውስጥ አራት ወረቀት ያወጣል፤ ላለፉት ስድስት ወራት ለአራት ድርጅት ያስገባቸው ማመልከቻዎች ቅጂ ናቸው። በአራቱም የመጀመሪያ መስመር ላይ ያቺው ቃል አለች። አንዳቸውም አልጠሩትም። እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ በሽበቱ ሲያሳብብ ነበር።

«አራት ቦታ» ይላል ቀስ ብሎ፣ «ሥራ አልነካም እያልኩ ሥራ ስለምን ከርሜአለሁ።»

ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች፤ እየሳቀ መሆኑ የገባት ፊቱን ስታየው ነው።

ጸሐፊዋ ‹ሊ›ዋን ታጠፋና በሁለቱ ቃላት መካከል አጭር ሰረዝ ታስገባለች።

«ይቺስ?»

«ሁለቱን ታያይዛቸዋለች፣ ጋሼ። እርስዎን የሚገልጹት አንድ ላይ ሆነው ነው።»

ዓይኑን አጥብቦ ወደ ስክሪኑ ይጠጋል፤ ሰረዟን የሌላ ሰው ሥራ እንደሚመረምር ባለሙያ ከግራም ከቀኝም ያያታል። «ብየዳ ናት በይኛ» ይላል። «ንጹሕ ናት። አትሚው።»

ማተሚያው ሲያጉረመርም ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አንስቶ ጥግ ላይ ይጎነበሳል። ወረቀቱን ገና ትኩስ ሳለ ይቀበላል። ሚስቱ ወንበሯን ወደ ጸሐፊዋ አስጠግታ የቧንቧውን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ጀምራለች፤ ጸሐፊዋም በሳቅ እንባዋን ትጠርጋለች። በያጁ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ማንም ዞር አይልም።

አራቱ አሮጌ ማመልከቻዎች ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተደርበው ቀርተዋል። በእያንዳንዳቸው ላይ የ‹ሊ› ሁለቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተሰርዘዋል፤ ከጎናቸውም አጭር ሰረዝ፣ ወረቀቱን ሊበሳ እስኪደርስ ተጭኖ የተሰመረ።