የአዋላጇ ፍርድ

አዋላጇ ወደዚህ ከተማ የመጡት በወጣትነታቸው፣ አንድ ሕፃን ታቅፈው ነበር። ስለ ባል አውርተው አያውቁም። ልጃቸውን አስተምረው መሐንዲስ አደረጉት፤ ዳሩትና በገዛ ቤታቸው አኖሩት።

ምራታቸው ልብስ ሰፊ ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ አልወለደችም። በየወሩ ሦስት ቀን ትራስ ነክሳ ትተኛለች።

«ሴት ሁሉ ያማታል» ይላል ባሏ። «የሷ ግን ትያትር ነው።»

አንድ ጠዋት ከስፌት መኪናዋ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። አዋላጇ ራሳቸው ደግፈው ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሟ የት እንደሚያማት ጠየቀቻት።

«ከወገቧ ተነስቶ ወደ ጭኗ ይወርዳል፤ ሽንት ቤት ስትቀመጥ ይብስባታል» ብለው አዋላጇ ቀድመው መለሱ።

ምራትየው ዞራ አየቻቸው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሟ ወረቀት ላይ ማህፀን ሥላ አስረዳች።

«ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል። በየወሩ ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። ጠባሳው የውስጥ አካሏን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። ማርገዝ ያስቸገራት ለዚህ ነው። ሕክምና አለው፤ ታክመው የሚወልዱም አሉ። ምነው እስከዛሬ ዘገያችሁ?»

አዋላጇ ሥዕሉ ላይ አፈጠጡ። ፊታቸው ድንጋይ ሆነ።

ቤት ሲደርሱ ልጃቸው የምርመራውን ውጤት አነበበና ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ቁርጡ ታወቀ! የደረቀ ዛፍ ይቆረጣል እንጂ ውሃ አይጠጣም። ሌላ አገባለሁ። አንቺስ ብትሆኚ የልጅ ልጅ አያምርሽም፣ እማዬ?»

«ያምረኛል» አሉ እናትየው። «እሑድ ዘመድ ሁሉ ይምጣ። ስምንት ዓመት የተጫወተብን ሰው ከዚህ ቤት ይወጣል።»

ልጅየው እየሳቀ ስልኩን አነሳ። ምራትየው ጓዳ ገብታ ቀሚሶቿን ማጣጠፍ ጀመረች። አዋላጇ በበሩ አልፈው ሲሄዱ አዩዋት። በማግስቱ ለብሰው ወጡና ጠበቃ ዘንድ ዋሉ።

እሑድ ሳሎኑ በአክስትና በአጎት ሞላ። ምራትየው አንገቷን ደፍታ በሩ አጠገብ ቆመች።

«በይ እንጂ፣ እማዬ፣ ንገሪያት» አለ ልጅየው።

አዋላጇ ተነሱ። «ቤቱን ለምራቴ በስጦታ አዙሬላታለሁ። እሷ ታክማ እዚሁ ትኖራለች። የምትወጣው አንተ ነህ።»

ልጅየው ብድግ አለ።

«እማዬ! አብደሻል? ለባዳ ብለሽ? እኔ እኮ ደምሽ ነኝ!»

«የኔ ደምማ እንደ እሷው ሆዴ ውስጥ ፈሶ ቀረ፤ አንተን የወለደችህ ማዋለጃ ክፍል ጥላህ የሄደች ሴት ናት።»